ስሙን ሸፍኖ መቅመስ፤ ኮካና ፔፕሲ በኂስ ዓይን

ያለፈውን ዕትም ግጥሞች የመረጥናቸው ስም ሸፍነን ነው። የገጣሚው ስም የሰፈረበትን የወረቀት ጫፍ ወደ ኋላ አጥፈን፣ በስፒል ወግተን፣ ቁጥር ብቻ ሰጥተን፣ አንድ ማታ ተቀምጠን ሁሉንም ተራ በተራ ጮክ ብለን አነበብን፤ እጅ እያወጣንም መረጥን። አድልዎ የለ፤ ወዳጅነት የለ፤ «እሱ እኮ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው» የለ። በዚህ ሥራችን እጅግ ኮርተን ነበር። መጽሔቷ ወጥታ ሦስት ቀን ሳይሞላት ግን ላውንጅ ውስጥ ጠብ ተነሣ።

የጠቡ መነሻ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያመጣችው ግጥም መቅረቱ ነው። ግጥሙን ከእኛ በቀር ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነዚያ ጥቂቶች ግን «በዚህ ዓመት ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠውን ጣላችሁ» አሉን። «ማን እንደ ጻፈው ሳናውቅ ነው የጣልነው» ብለን መለስን። «እሱማ አይደል ጥፋቱ!» አሉ። «ኧረ እንዴት ሆኖ ጥፋት ይሆናል?» ወዲያና ወዲህ ስንባባል፣ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጦ ሻዩን የሚያማስል አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ቀና ብሎ፣ «እናንተ ያደረጋችሁት ፔፕሲ ኮካን ያሸነፈበትን ዓይነት ፈተና ነው» አለ። ሳቅን። ማታ ወደ መኝታችን ስንገባ ግን ነገሩ አላስተኛ አለን። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን እሱ ነው።

ስለ ለስላሳ መጠጥ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት መጻፍ ወረቀት ማባከን የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እስቲ ጥቂት ይታገሠን። በሁለቱ ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ምንድን ነው ቢባል፣ ውኃ፣ ጋዝ፣ ስኳር፣ ከተቃጠለ ስኳር የሚሠራ ቀለም፣ ፎስፎሪክ አሲድ፣ ካፌይንና ጥቂት ቅመም ነው። በአሜሪካ በሚሸጠው 355 ሚሊ ሊትር ጣሳ ውስጥ ኮካ 39 ግራም፣ ፔፕሲ 41 ግራም ስኳር አለው፤ ፔፕሲ በዚያ ላይ የሎሚ ቃና ያለውን ሲትሪክ አሲድ ይጨምራል። ከቅመሙ በቀር ልዩነቱ ይኸው ነው። በዚህች ልዩነት ዓለም ለሁለት ተከፍሎ ስንት ዘመን ተሟገተ! እኛ «ይዘት ይቀድማል፣ የለም ቅርጽ ይቀድማል» እያልን ሌሊቱን ስናነጋ፣ ይዘታቸው አንድ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ሁለት ድርሰቶች በየሱቁ ደጃፍ ቆመው ነበር። ልብ ያላቸው የለም።

ከስማቸው እንጀምር። በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ኮካ ኮላ» ሳብዕ፣ ራብዕ፣ ሳብዕ፣ ራብዕ ነው። ከንፈር ይሰበሰባል፣ ይከፈታል፤ ይሰበሰባል፣ ይከፈታል። ቤት አይመታም፤ «ካ»ና «ላ» አንድ ቤት አይደሉምና። ምቱ ግን ሕፃን የሚያባብሉበት ዓይነት ነው፤ አንዴ የሰማው አይረሳውም። ስሙን ያወጣውና በዚያ በተጠማዘዘ የእጅ ጽሕፈት የጻፈው በ1886 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአትላንታው መድኃኒት ቀማሚ የጆን ፔምበርተን የሒሳብ ሠራተኛ የነበረው ፍራንክ ሮቢንሰን ነው። ሁለት የእንግሊዝኛ «ሲ» በማስታወቂያ ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ ያምራሉ ብሎ አሰበ። የሒሳብ ሠራተኛ! ከዚያ ወዲህ ስንት ገጣሚ ስንት ርእስ ሲያወጣ ሲሰርዝ ኖሮ፣ የዚህን ሰው ያህል የተነበበለት አልተገኘም።

«ፔፕሲ»ስ? ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሣልስ። ተሰንጥቆ፣ ተዘግቶ፣ ሹል ሆኖ ያልቃል። «ፐ» ራሱ ከግዕዝ ፊደላት ጭራ ላይ የተሰለፈ፣ ለባዕድ ቃል የተቀመጠ እንግዳ ነው፤ አያቶቻችን ፖሊስን «ቦሊስ»፣ ፖስታን «ቦስታ» ያሉት ወደው አይደለም። ካሌብ ብራድሃም የሚባል የሰሜን ካሮላይና መድኃኒት ቀማሚ በ1893 መጠጡን ሲቀምም «የብራድ መጠጥ» ነበር ያለው። «ፔፕሲ ኮላ» የተባለው በ1898 ነው፤ ቃሉም የምግብን መፈጨት ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የተወረሰ ነው። የአንዱ ስም ዜማ ነው፤ የሌላው የሐኪም ወረቀት ይሸታል። በስም አወጣጥ፣ እኛን ከጠየቃችሁ፣ ኮካ ያለ ክርክር አሸንፏል።

በአነጋገር ግን ፔፕሲ የበለጠ ይገርመናል። ኮካ የሚናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ሌላ መጠጥ መኖሩን የሰማ አይመስልም። በ1969 ያወጣው መፈክር «እውነተኛው ነገር» የሚል ነበር፤ ሐሰተኛው ማን እንደሆነ አንድ ቃል አይተነፍስም። ፔፕሲ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ያ ሌላው አብሮ ብቅ ይላል። በ1923 ከሰረ፤ በ1931 ቻርልስ ጉት የሚባል የከረሜላ መደብሮች አለቃ ገዛው። ሰውየው የገዛው መጠጡን ወዶ ሳይሆን ኮካ የጅምላ ቅናሽ ስለከለከለው ተናዶ ነው። በ1934፣ በዚያ በችግር ዘመን፣ ኮካ በሚሸጥበት በአምስት ሳንቲም እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጠርሙስ ይዞ ወጣ። በ1940ዎቹ ሌሎች ነጋዴዎች ዞር ብለው ያላዩዋቸውን ጥቁር አሜሪካውያን ለመድረስ ጥቁር ሻጮች ቀጠረ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ጠጪዎቹን «የፔፕሲ ትውልድ» ብሎ ሰየማቸው። ኮካ ጥንት ነው፣ እኔ ወጣት ነኝ ማለቱ ነው።

ይህን ስናይ እናፍራለን፤ ራሳችንን አየነዋ! እኛም እኮ የመጀመሪያውን ዕትም መቅድም ስንጽፍ «ከእንግዲህ እንደ እነ እገሌ አንጽፍም» ብለን ነበር የጀመርነው። እነ እገሌን ከውስጡ ብናወጣቸው ከመቅድሙ ምን ይተርፋል? ኋላ የመጣ ጸሐፊ የቀደመውን ስም ሳይጠራ መነሣት አይችል ይሆናል። ፔፕሲ ቢያንስ አንድ ነገር አደረገ፤ ያልተጠሩትን አንባቢዎች ፈልጎ ሄደ። እኛስ ከግቢው አጥር ወጥተን ለማን አነበብን?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኮካ አዲስ አበባ ውስጥ መመረት የጀመረው በ1959 ነው፤ ፔፕሲም በ1960ዎቹ ተከተለ። በእኛ መንደር ያለው ፉክክር ግን ከምላስ ይልቅ የፍሪጅ ነው። ባለሱቁ ቀይ ፍሪጅ ካለው ኮካ፣ ሰማያዊ ካለው ፔፕሲ። «ኮካ አለ?» «ፔፕሲ ነው ያለው።» «ይሁን፣ ቀዝቃዛ ስጠኝ።» ከዚህ ያለፈ ክርክር አልሰማንም። ሁለቱን አንድ ገበታ ላይ ያየናቸው ዳማ ስንጫወት ነው፤ በቀይና በሰማያዊ ቆርኪ፣ እየተዘለሉ ሲበላሉ።

ስለዚህ ራሳችን ለመሞከር ስንነሣ የመጀመሪያው ችግር ሁለቱን ከአንድ ቤት ማግኘት ሆነ። ኮካውን ከአንድ ሱቅ፣ ፔፕሲውን መንገድ ተሻግረን ከሌላ፣ ለጠርሙሱ ገንዘብ አስይዘን ገዛን። አሥራ አንድ ነበርን። ነገሩን ያመጣው የኬሚስትሪ ልጅ ዳኛ ሆኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቀዳና ብርጭቆዎቹ ላይ «ሀ»ና «ለ» ብሎ ጻፈባቸው። «ሀ» በብዙ ድምፅ አሸነፈ። ወዲያው አንዷ ጓደኛችን፣ «ተማሪ ሆኖ ሀን የሚጠላ ማነው? ሀ እኮ አንደኛ ማለት ነው!» አለች። እውነቷን ነው። አሜሪካኖቹም በዚሁ ተጨቃጭቀዋል። ፔፕሲ በ1975 በቴክሳስ፣ ዳላስ ከተማ ያንን ስም የሸፈነ ቅምሻ ሲጀምር የኮካው ብርጭቆ «ኪው»፣ የፔፕሲው «ኤም» የሚል ፊደል ነበረበት፤ የኮካ ሰዎች «ሕዝቡ ኪው የሚባለውን ፊደል ስለማይወድ ነው» ብለው ሙግት ገጠሙ። ፊደልም ጣዕም አለው ማለት ነው፤ ይህን ለገጣሚ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እኛም ፊደሎቹን ወደ «ዠ»ና «ጠ» ለወጥናቸው። «ጠማ የጠጅና የጠላ ፊደል ነው፣ ያዳላል» የሚል ተቃውሞ ተነሣ። በመጨረሻ አንዱ ላይ ክብ፣ አንዱ ላይ ሰረዝ ተደርጎ ተገላገልን።

አንድ ጊዜ ፉት ብለን ስንመርጥ አብዛኞቻችን ፔፕሲን መረጥን። ከኮካ በቀር ለስላሳ አፌ አይገባም የሚለው ጓደኛችን የፔፕሲውን ብርጭቆ ይዞ፣ «ይኼ ኮካ ካልሆነ ምላሴን ቁረጡት» አለ። ምላሱ እስከ ዛሬ አልተቆረጠም፤ ሲከራከርበት ግን እንደ ቀድሞው አይደለም።

በማግሥቱ ደግሞ ሙሉ ሙሉ ጠርሙስ፣ ያለ ስም፣ እየተጫወትን እንጠጣ ተባለ። መብራት ሄዶ ስለዋለ ሁለቱም ለብ ብለው ነበር። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት ፉት ስንለው ደስ ያሰኘን ጣፋጭነት ከጠርሙሱ ወገብ በታች ስንደርስ ጉሮሮ ላይ ተለጠፈ። ከትናንቶቹ የፔፕሲ ደጋፊዎች የሚበዙት ወደ ሌላው ዞሩ፤ ሁለቱ ጸኑ፤ አንዱ «አምቦ ውኃ አምጡልኝ» ብሎ ከሁለቱም ወጣ። ይህ ሳይንስ ነው አንልም። ዳኛውም «በእኔ ስም እንዳትጽፉት» ብሎናል።

እኛ በአሥራ አንድ ሰው የገባንበትን አዘቅት የኮካ ኩባንያ በ200,000 ሰው ገብቶበታል። በፔፕሲ ቅምሻ ልቡ የራደው ኮካ፣ ከፊተኛው የሚጣፍጥ አዲስ ቅመም ሠርቶ፣ ያን ያህል ሰው ስሙን ሳያይ አስቀመሰና፣ አዲሱ ከአሮጌውም ከፔፕሲም እንደሚወደድ አረጋገጠ። ሚያዝያ 23 ቀን 1985 አዲሱን አወጣ፤ አሮጌውን ከገበያ አነሣ። የሆነው ሁሉ የታወቀ ነው። ስልኩ አላርፍ አለ፤ ደብዳቤው ጎረፈ፤ ሰው አሮጌውን እየገዛ ምድር ቤቱ ውስጥ ማከማቸት ያዘ። በ79ኛው ቀን፣ ሐምሌ 11፣ ኩባንያው አሮጌውን መልሶ አወጣ።

ልብ በሉ፤ ፈተናው አልዋሸም። ቀማሾቹ አዲሱን በእርግጥ ወደዋል። የተሳሳተው ጥያቄው ነበር። ከምሳ ጋር፣ በሠርግ፣ በመንገድ፣ ለዓመታት የሚጠጣን ነገር በአንድ ፉት መዘኑት፤ «አሮጌው ቢጠፋብህስ?» ብሎም በግልጽ የጠየቃቸው አልነበረም። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው፣ አንድ አንጋፋ ደራሲ ወጣት ተፎካካሪው ሲጨበጨብለት ሰምቶ ደነገጠና፣ የራሱን ረቂቅ አቃጥሎ በዚያ ልጅ እጅ ጽሕፈት መጻፍ ጀመረ። (ሰምና ወርቅ ሳይጠቀስበት ያለቀ ጽሑፍ በዚህች መጽሔት ወጥቶ አያውቅም ስለሚባል እኛም ግዴታችንን እንወጣ፤ በአንድ ፉት የሚቀመሰው ሰሙ ብቻ ነው።)

እዚህ ላይ ቆመን «እንግዲያስ ስም ይታይ» ብንል ደስ የሚላቸው አሉ። አይ፣ ስምም ንጹሕ አይደለም። በ2004 የአሜሪካ ተመራማሪዎች 67 ሰዎችን ሁለቱን መጠጦች እያስቀመሱ ምርጫቸውን መረመሩ፤ የአንጎላቸውንም እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታተሉ። የኮካ ምልክት ሲታያቸው ከትዝታ ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ይነሣሣል፤ ምርጫቸውም ያዘነብላል። የፔፕሲ ምልክት ያን ያህል አላደረገም። ሰውየው የሚጠጣው ትዝታውን ጭምር ነው ማለት ነው። ትዝታ ደግሞ ከየትም አይመጣም፤ ጠርሙሱ በማን ትእዛዝ የት እንደ ደረሰ የሚወስነው ሌላ ነው። ኮካ ከ1968 እስከ 1991 በዓረብ ሊግ ማዕቀብ ሥር ስለነበረ የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ፔፕሲ ያዛቸው፤ ዛሬም ከጅዳ የተመለሱ እኅቶቻችን ለስላሳ ሲያምራቸው «ቤብሲ» ሲሉ እንሰማለን። የሶቪየት ሰው ደግሞ በ1972 በተፈረመ ውል፣ ቮድካው ወደ አሜሪካ እየሄደ፣ ፔፕሲ ጠጪ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ምላስ መርጦ የወሰነው የቱ ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ፤ ግለ ሂስ ከዚህ ይጀምራል። የኮካ ኩባንያ በ1915 አዲስ ጠርሙስ ሲያስነድፍ ለመስታወት ሠሪዎቹ የሰጠው ትእዛዝ፣ ጨለማ ውስጥ በዳሰሳ የሚለይ፣ ተሰብሮ መሬት ላይ ቢገኝ በስባሪው የሚታወቅ ጠርሙስ ሥሩልኝ የሚል ነበር። ወገቡ የገባው ጠርሙስ የመጣው ከዚያ ነው። ስለ ስታይል ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በትምህርት ክፍላችን ሰምተን አናውቅም። ግን ይኸው ማብራሪያ ያጋልጠናል። ወረቀቱን አጥፈን ስም በሸፈንንበት ማታ ሦስቱን ገጣሚዎች ገና ከመጀመሪያው መስመር አውቀናቸዋል። አንዱ ሁልጊዜ በ«እንግዲህ» ይጀምራል፤ አንዱ ስድስተኛው ስንኝ ላይ ማማረር አይቀርለትም፤ ሦስተኛው ቤት ሲመታ ከበሮ ነው። አወቅን፤ ዝም አልን፤ እጃችንን አወጣን። በዳሰሳ የሚታወቅ ጠርሙስ ይዞ የመጣውን የስም መሸፈን አይነካውም። በእርግጥ የተሸፈነችው ያቺ ጠርሙሷ ገና ያልተለየላት የሁለተኛ ዓመት ልጅ ብቻ ነበረች።

የእንግሊዙ ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በካምብሪጅ ለተማሪዎቹ 13 ግጥሞችን የደራሲ ስም ሳይጽፍ አድሎ፣ የጻፉለትን አስተያየት ሰብስቦ በ1929 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። ከደራሲዎቹ መካከል እነ ጆን ደንና ሆፕኪንስ ነበሩበት፤ ተማሪዎቹ ግን ከደን ይልቅ ዛሬ ስማቸው የማይነሣ ገጣሚዎችን ወደዱ። ብዙ ሰው ከዚህ የሚያነሣው የስምን ከንቱነት ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር አየንበት፤ ሪቻርድስ ወረቀቱን አድሎ አንድ ሳምንት ያህል ሰጥቷቸዋል፤ ደጋግመው እንዲያነቡም ነግሯቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ከተሳሳቱ፣ እኛ በአንድ ማታ፣ ለዚያውም በጩኸት አንብበን ምን እንሆን!

የልጅቷ ግጥም 26ኛ ቁጥር ነበር። ርእሱ የቦኖ ውኃ ወረፋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች ጀሪካን ብቻ ይቆጥራሉ፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ክዳኑ የጠፋ፣ በፌስታል የታሰረ። ያነበበው ጓደኛችን ድምፁ ደክሞ ነበር። አንዱ አዛጋ። አራተኛው አንጓ ላይ ወረፋ የቆመችው እናት ተራዋን ለሌላ ሰጥታ ስትሄድ፣ ለምን እንደሄደች ግጥሙ አይናገርም፤ ጀሪካኑ ብቻ ቦታዋን ይዞ ይቀራል። ያን ማታ ይህ አንጓ በጆሯችን ጥልቅ ብሎ ወጣ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ግን ቦኖ ባየን ቁጥር ያ ጀሪካን ይመጣብን ጀመር። በአንጻሩ በጭብጨባ ያለፈው የፍቅር ግጥም፣ የባለ ከበሮው፣ በወረቀት ላይ ታትሞ ስናየው ከወገቡ በታች ጉሮሮ ላይ ተለጥፏል። ገጣሚው ወዳጃችን ነው፤ ይህን ሲያነብ ይቀየመናል፤ ይቀየም።

ከእንግዲህ አመራረጣችን እንዲህ ይሆናል። ስም አሁንም ይሸፈናል። ጮክ ብሎ ማንበብ ቀርቶ፣ እያንዳንዳችን ወረቀቶቹን ይዘን ሄደን ብቻችንን እናነባለን፤ ከሳምንት በኋላ ደግመን እናነባለን፤ ድምፅ የምንሰጠው ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ነው። ጸሐፊውን በዳሰሳ ያወቀ መራጭ «አውቄዋለሁ» ብሎ በዚያ ግጥም ላይ ድምፅ አይሰጥም። ይህ ደንብ ሦስቱን ወዳጆቻችንን ሊጎዳቸው ይችላል። ገና መፍትሔ አላገኘንለትም።

26ኛውን ግጥም በዚህ ዕትም ልናወጣው ፈልገን ነበር። ልጅቷን ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ አግኝተን ስንጠይቃት ጥቂት አሰበችና፣ «ያኔ ሳታውቁኝ አልጣማችሁም። አሁን የጣማችሁ ስሜ ከተነሣ በኋላ ነው። የትኛውን ልመን?» አለችን። ስለ ሙሉ ጠርሙስና ስለ ፉት ልናስረዳት ጀመርን፤ ክፍል ደርሶባት ኖሮ ሄደች። ወረቀቱን ከፋይላችን አውጥታ የወሰደችው በማግሥቱ ነው።

ለሚቀጥለው ዕትም ግጥም የምታመጡ ስማችሁን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሣጥኑ ከላውንጁ በር በስተግራ፣ ባዶ ጠርሙስ ከሚደረደርበት አጠገብ ነው።